ማጡን ያደረቅን ጊዜ

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን፣ ከስቅለት በፊት ባለው ቀን ይመስለኛል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በባጃጅ ስሄድ አንዲት ሴት እቅፍ ሙሉ ቄጠማ ይዛ አጠገቤ ገባች። ቄጠማው ከነሥሩ ነበር። ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ይንጠባጠብና ሱሪዬን ይነካኛል። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ለቀዳም ስዑር የሚሸጥ ነው፤ ሳይጠወልግ ላድርሰው ብዬ ነው» አለችኝ። ሽታው ይዞኝ ነበር። የከረመ ሣር፣ የዛገ ብረትና የዝናብ ሽታ አንድ ላይ እንደ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ገበያውን አልፌ፣ የምሠራበትን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅም አልፌ፣ አስፋልቱ እስኪያልቅ ሄጃለሁ። ሴትዮዋ የት እንደ ወረደች አላየሁም። ባለ ባጃጁ ዞሮ «ጋሼ፣ ወራጅ የለም እንዴ? ከዚህ በኋላ እርሻ ነው» ሲለኝ ነው ያለሁበትን ያወቅሁት።

ታላቅ ወንድሜ ይሁኔ ከሞተ ገና አንድ ወሩ ነበር። አርባው ከፋሲካ በኋላ ይውላል፤ ከአርባው ቀጥሎ ባለው እሑድ ደግሞ አንድ ቃል እንድሰጥ ሽማግሌዎች ቀጥረውኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉንደ ወይን ወደ ላይ፣ ከጮቄ ሥር ባለው አገራችን፣ ማጥ የምንለው ረግረግ አለ። ወንድሜ ጎረምሳ ሳለ እሱ እየመራን ቦይ ቀደን አደረቅነው። ከመሞቱ ሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ያንኑ ቦይ በገዛ እጁ ደፈነው። ውሃው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ የጎረቤታችን የአያ መኳንንት የድንች ማሳም ከዳሩ ረጠበ። ክስ ተነሣ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ነገሩ ሳያልቅ ወንድሜ ታሞ ሞተ። ቦዩ የሚያልፍበት መሬት ከአባታችን የወረስነውና ለሁለት ሳንከፍለው የኖርነው ነው። ስለዚህ በስልክ ደውለው «ቦዩ ይከፈት ወይስ እንደ ተደፈነ ይቅር? የቀረኸው አንተ ነህ፤ ቃል ስጥ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ወንድሜ የከፈተውን ለምን እንደ ዘጋው አላውቅም። አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ቦታው ያኔ እንዲህ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ የተራራው ግርጌ ላይ፣ ማጡ አለ። ላዩ ሣር ነው፤ ሁልጊዜ አረንጓዴ፣ ለዓይን የተመቸ። ሥሩ ግን ምድር አይደለም። ከተራራው ሥር የሚሾልከው ውሃ ሌት ተቀን እያረሰው፣ የስንት ዘመን የሣር ሥር ሳይበሰብስ ተደራርቦ የተኛበት ነው። አንድ ሰው ዳሩ ላይ ቢዘል፣ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመው ይወዛወዛል። አፈሩን አውጥተው ቢጨምቁት እንደ ተነከረ ጨርቅ ውሃ ይወጣዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከኩበት ይቀላል። ከማጡ ዝቅ ሲል ጨፌው ነው። ጨፌው ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ከጥቅምት በኋላ ውሃው ይሸሻል፣ ማገጥና እንግጫ ይበቅልበታል። በበጋ ሌላው አገር ሁሉ ሲነጣ የኛ ከብት እዚያ ይግጣል፤ አልቅት ቢይዘውም ጠግቦ ነው የሚይዘው። ከጨፌው በታች ፊላ የከበበው ኩሬ አለ፣ ዳክዬና ሽመላ የሚያርፍበት፤ ቤት ስንከድን ፊላውን የምናጭደው ከዚያ ነው። ኩሬው ሲሞላ አኻያ ዛፍ በተሰለፈበት ጅረት ይወርዳል፤ ጅረቱ ዳር ላይ ሴቶቹ የሚቀዱበት ምንጭ ነበር። እኛ እነዚህን እንደ አራት የተለያዩ ነገሮች አድርገን ነው የምናውቃቸው። ማጡ ጠላት ነው፣ ጨፌው የከብት ነው፣ ኩሬው የፊላና የልብስ ማጠቢያ ነው፣ ምንጩ የእንስራ ነው። አንድ ውሃ ናቸው ያለ ሰው አላስታውስም። አሁን ስጽፈው ግልጽ ይመስላል። ያኔ ግን ማንም አላለም፤ እኔም አላልኩም።

ቦራ የምንለው በሬያችን ማጡ ውስጥ የገባው በሰኔ ነው። ለምለሙን አይቶ ገባ። እሪታው ሲሰማ አገሩ ሁሉ መጫኛ እየያዘ ወጣ። ቀንዱን አሠርን፣ ሆዱ ሥር እንጨት አስገባን፣ ሃያ ሰው ሆነን ጎተትን፤ በጎተትነው ቁጥር ግን የቆምንበትም አብሮ ይሰምጣል። ወንድሜ አረንጓዴ ቁምጣውን ለብሶ እስከ ብብቱ ገብቶ የበሬውን አንገት አቅፎ ነበር። እሱን ራሱን በመጫኛ አሥረን ነው ያወጣነው። ቦራ እኩለ ቀን ላይ ዝም አለ። በሬ ያን ጊዜ ስምንት መቶ ብር ነበር፤ ዛሬ በስምንት መቶ ብር የበሬ ጅራት የሚሸጥልህ የለም። ለእኛ ግን ስምንት መቶ ብር ማለት ሁለተኛ በሬ የለም ማለት ነው፤ አባታችን ሞቷል፣ ወንድሜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እኔ ዐሥራ ሰባት ሆኖኝ ገና ሰባተኛ ክፍል ነኝ። በሚቀጥለው በጋ ወንድሜ ደቦ ጠራ። ጠላ ተጠመቀ፣ ዶማና አካፋ ይዞ ያልመጣ የለም፤ በማጡ በሬ ወይም ጊደር ያልተበላበት ቤት አልነበረምና። አያ መኳንንት ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ድምፁም ጥሩ ነው። ከፊት ሆኖ እያወጣ እኛ እንቀበለው ነበር፦

ማጡ በሬ በላ፣ ጅብ ነው ወይ መሬቱ፣
ቦይ ይቀደድለት፣ ይውጣለት አንጀቱ።

እሱ ዘፈን መሐል ወንድሜን ይነካዋል። «ይሁኔ፣ ቦራን ያቀፍከውን ያህል ሚስት ብታቅፍ እስካሁን ስምንት ልጅ በወለድህ» ይለዋል። ወንድሜ ጭቃ ጠቅልሎ ይወረውርበታል። በአራት ቀን ከማጡ መሐል እስከ ዳገቱ ጫፍ ቦዩ ተቀደደ፣ ውሃውን ወደ ገደሉ ለቀቅነው። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ እየተገፋፋ ሲወጣ ሁላችንም ዳር ቆመን አጨበጨብን። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም ብል አልዋሽም። ይኸ ነው የሚያስቸግረኝ። ያ ቀን ክፉ ቀን ነበር እንዳልል፣ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጥጋብ መጣ። የማጡ ጥቁር አፈር ድንች ሲተከልበት እንደ ሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ድንች አወጣ። ወንድሜ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ራዲዮ ገዛ፣ ጥሩነሽን አገባ፣ እኔን ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራየልኝ። ዐሥራ አምስት ብር ነበር የወሩ ኪራይ፣ ከመኝታና ከአንዲት ቁራጭ መስኮት ጋር። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ እንዲሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው በላይ ካለችው ካሴት ቤት ጥግ እንቆማለን፤ ካሴት ለመግዛት አይደለም፣ ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሲከፍት ለመስማት ነው። ወንድሜ የገዛልኝን ቡናማ ቴትሮን ሱሪ የፈላ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ተኩሼ እለብስ ነበር። ያ ሱሪ የማጡ ድንች ነው። ኪራዩም፣ ደብተሩም፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ፋክቱር የምጽፍበት የእጅ ጽሑፌም የማጡ ድንች ነው። ቦዩን በክፉ ላነሣው ስል ይኸ ይመጣብኛል። ዛሬ ካሴት ቤቷ የስልክ መሸጫ ሆናለች፤ ባለፍኩ ቁጥር ጥጉ ላይ ቆም እላለሁ፤ ልጁ «ካርድ ነው ጋሼ?» ይለኛል።

ለፈተና ሳነብ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ድንች ሸጦ እኔ ጋ አደረ። ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ፣ ኮንጎ ጫማ ነበር የሚያደርገው፣ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ እሸመድዳለሁ።

«ምንድን ነው እንደ ዳዊት የምትደግመው?» አለኝ።

«የረግረግ ዓይነቶች።»

«ረግረግ ዓይነት አለው?»

«አራት ነው። ማርሽ፣ ሣርና ፊላ ያለበት። ስዋምፕ፣ ዛፍ ያለበት። ፌን፣ ውሃውን ከምድር ሥር የሚያገኝ። ቦግ፣ ከዝናብ ብቻ የሚያገኝ።»

«የኛስ?»

ገልጬ አየሁ። ሥዕሉ የፈረንጅ አገር ጥድ ነበረበት። «የኛ መጽሐፉ ላይ የለም» አልኩት።

«የአባትህ መሬት የሌለበትን መጽሐፍ ነው በድንቼ የማስተምርህ?» ብሎ ሳቀ። ቆይቶ፣ ቁምነገር ይዞ፣ «ጨፌውስ ከየትኛው ነው? ክረምት ረግረግ ነው፣ በጋ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለውንስ ምን ይለዋል?» አለኝ። አላወቅሁም። ጥያቄው ፈተና ላይ መጣ፤ አራቱንም ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። የኛ ማጥ ከምድር ሥር የሚጠጣው ዓይነት እንደ ነበር፣ ጨፌውም ኩሬውም ከሱ የተረፈውን እንደሚጠጡ አሁን ነው ነገሮቹን ገጣጥሜ የማስበው። በዚያ ጊዜ ግን ማጡ አልነበረም። የሌለ ነገር ዓይነቱ ምንድን ነው ተብሎ ይጻፋል?

በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ዓመት ድንቹ እያነሰ መጣ። አፈሩ ተቀመጠ፣ እንደ ሊጥ ሟሸሸ፣ ላዩ እንደ ዱቄት ሆነ። ወንድሜ ያደረገው ሌላውም ገበሬ የሚያደርገውን ነው። በአገራችን ከባድ፣ ውሃ ያዘለ መሬት እምቢ ሲል አፈር ይቃጠላል፤ ጓሉን ይከምሩታል፣ ከሥሩ ኩበት ያደርጉና ይለኩሱታል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጨስና ሲበርድ ይበተናል፤ ለገብስ መድኃኒት ነው። ከአባቶቻችን ጀምሮ ሲደረግ የኖረ ነው፣ በዋልካ መሬት ላይ። የማጡ አፈር ግን አፈር አልነበረም፤ የደረቀ ሥር ነበር። ወንድሜ ወደ ሠላሳ ክምር ያህል ለኮሰ። በሦስተኛው ቀን ክምሮቹ በረዱ። በአራተኛው ቀን ክምር ከሌለበት ቦታ ጭስ ወጣ።

መልእክት ደርሶኝ ትምህርት ጥዬ ስመጣ እሳቱ ምድር ውስጥ ከገባ ሳምንት ሆኖት ነበር። ነበልባል የለም። ከስንጥቁ ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፣ እንደ ፍልፈል ይሄዳል። ውሃ እንድፋበት ብንል ውሃውን እኛው ገደል ለቅቀነዋል፤ ከሥር የሚመጣው እንስራ አይሞላም። ወንድሜ እሳቱን ሊቀድመው ዙሪያውን ጉድጓድ ይቆፍራል። የኮንጎ ጫማው ታች ቀልጦ ጣቶቹ ይታዩ ነበር። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጩ፤ ጭሱ አልቆመም። ሰው ሁሉ ጋኔን ነው ይል ነበር፤ እሳቸው ጥቂት ቆመው አዩና «ጋኔንማ ቢሆን በወጣ ነበር። ይኸ የሥራችሁ ነው፤ ዝናብ ለምኑ» ብለው ሄዱ። የአያ መኳንንት ጊደር እግሯ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቃጥሎ ታረደች። እሳቱ የጠፋው ሰኔ ሲገባ ነው። ሲጠፋ ማጡ ከነበረበት እስከ ጉልበት ድረስ ዝቅ ብሎ፣ ቀላ ያለ አመድ ሞልቶት ተገኘ። ቦታውን «የይሁኔ ምድጃ» አሉት። መጀመሪያ ለስድብ ነበር፤ በኋላ አድራሻ ሆነ። «ከይሁኔ ምድጃ በላይ ያለው ማሳ» ይላሉ፣ ወንድሜ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ፣ ክፋት ሳያስቡ። እሱም «አዎ፣ ከምድጃው በላይ» ይላል።

ከዚያ በኋላ ሌላው በየተራ ሄደ። ጨፌው ተሰነጠቀ፣ ማገጡ ጠፋ፣ እሾሃሙ ኮሸሽላ ወረሰው። ኩሬው ታኅሣሥ ሲገባ ይደርቅ ጀመር፤ ዳክዬዎቹ አንድ ሁለት ዓመት መጥተው ዞረው ተመለሱ። ምንጩ ላይ ሴቶች ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው በጣሳ እየጨለፉ ይሞሉ ነበር። ጳጉሜን ሲያልቅ ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሊነቅሉ ይወጣሉ፤ ከሥሩ ነቅለው፣ ጎንጉነው፣ ራሳቸው ላይ አድርገው እየዘፈኑ ነው የሚመለሱት። የኛዎቹ ግን የሌላ ቀበሌ ጨፌ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። አንድ ዓመት ባለቤቶቹ «የራሳችሁን አቃጥላችሁ የኛን ልትነቅሉ ነው?» ብለው አባረሯቸው። ከተባረሩት አንዷ የወንድሜ ትልቋ ልጅ ነበረች። ኮሸሽላ ጎንጉና መጣች ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።

እንግዲህ ቦዩን የደፈነው ለምን ነው? ለልጁ ይሆን? ለዚያ ቢሆን ልጅቷ ካደገችና ካገባች በኋላ ነው የጀመረው። ከወረዳ የመጡ ባለሙያዎች ስለ ረግረግ ጥቅም አስተምረዋል ይባላል፤ ወንድሜ ግን ስብሰባ ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው። ንስሐ ይሆን? እሱም ይሆናል። ሁለት በጋ ሙሉ ብቻውን ቀርከሃ እየቸከለ፣ ድንጋይ እየሞላ፣ ከነሣሩ የተቆረጠ ጓል እየደረደረ ሲደፍን አንድ ቀን ደረስኩበት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ቁምጣው አሁንም አረንጓዴ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«አይታይህም? ቦይ እደፍናለሁ።»

«ለምን?»

«ስለ ተከፈተ።»

ይኸው ነው የነገረኝ። ጓል አቀብለኝ አለ፣ አቀበልኩት፣ ጫማዬ ተበላሸ፣ በማግስቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ዐሥራ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጫለሁ። የሚስማር ዋጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፤ «በጉንደ ወይን ይረክሳል» አለኝ። ዝናብ ጠየቀኝ፣ የለም አልኩት። ስለ ቦዩ እኔም አላነሣሁ፣ እሱም አላነሣ። የሚሞት አልመሰለኝም ነበር።

አርባው ተደገሰ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ተመለሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቦዩ ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አያ መኳንንት ቆሞ ተናገረ። ድምፁ አሁንም ጥሩ ነው፣ ጥርሱ ግን አልቋል። «እኔ ከሟች ጋር ጠብ አልነበረኝም፤ ቦዩንም አብሬው የቆፈርኩ፣ የዘፈንኩም ነኝ። ድንቼ ግን ዋና አያውቅም። ከዳሩ አራት መደብ በስብሶብኛል። ሙሌ የተማረ ነው፣ ይፍረድ» አለ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ። የወንድሜን ሚስት ጥሩነሽን ጠየቋት። ጥቁሯን እንደ ለበሰች ተነሥታ «እኔ ምን አለኝ? ሬሳ ሳይወጣ ስለ ቦይ የሚያወራ አገር ነው። ይከፈት። ለልጆቼ ድንች እንጂ እንቁራሪት አላበላም» አለች። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አላውቅም» አልኩ።

ሰብሳቢው «አላውቅም ቃል አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ሂድ፣ ከመኳንንት ጋር ዙሩት፤ እስክትመለሱ እንቀመጣለን።»

ዞርነው። ከላይ ከምድጃው ጀመርን። ጉድጓዱ አሁን ውሃ ይዟል፣ ላዩ ላይ ቀጭን ሣር ወጥቷል፤ እንደ ድሮው ማጥ አይደለም፣ ሰው ቢዘልበት ዝም ብሎ ይረጥባል እንጂ አይወዛወዝም። አያ መኳንንት ከፊት ከፊት እየሄደ የበሰበሰውን ድንች እየነቀለ ያሳየኛል። እውነቱን ነው፣ በስብሷል። ጨፌው ላይ ኮሸሽላው ግማሽ ለግማሽ ቀንሷል። ወደ ጅረቱ ስንወርድ የአያ መኳንንት ሚስት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ምንጩ ላይ ጎንበስ ብላለች። ሚያዝያን በሚያህል ደረቅ ወር ውሃው ከድንጋዩ በላይ ይፈሳል። ጣሳ የለም፣ ሰልፍ የለም፤ ጀሪካኑን አጋድማ ነው የምትሞላው።

«እግዜር ያጥናህ» አለችኝ። «በሚያዝያ እንዲህ ሲፈስ ያየሁት ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ ጊዜ ነው። ነፍሱን ይማረው።»

አያ መኳንንት ወደ ሌላ ዞረ። «እሷን ተዋት፣ ድንች የምትተክል እሷ አይደለችም» አለኝ።

«መትከሉን ባልተክል እቀቅለው የለም? ያለ ውሃ በምን የምቀቅለው መሰለህ፣ በምላስህ?» አለችው። ጀሪካኑን አዘለች። «ቦዩን ከከፈታችሁ ሁለታችሁም እዚህ መጥታችሁ በጣሳ ትጨልፋላችሁ» ብላን ዳገቱን ወጣች።

እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ውሃውን ስናይ ቆየን። የሱ ድንች እውነት ነው፤ ውሃውም እውነት ነው። የጥሩነሽም ልጆች እውነት ናቸው። ወንድሜ ምን ሊል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ አልመጣልኝም። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገርኩ። ከላይ ኮረብታው ላይ ከአባቴ ለብቻዬ የደረሰችኝ አንድ ጥማድ መሬት አለች። ጎርፍ አይነካትም፣ ድንች ትወዳለች። ወንድሜ ያርስልኝ ነበር፤ እኔም ከተማው አልሆን ሲለኝ እገባባታለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። «አያ መኳንንት፣ የዳሩን ማሳህን ለውሃው ተውለትና የኮረብታዋን ውሰድ» አልኩት።

አየኝ። «አስበህበት ነው?»

«አይደለም።»

«ወንድምህ ነው ያዘዘህ?»

«አላዘዘኝም። ምንም አልነገረኝም።»

«ቂሎች ናችሁ፣ ሁለታችሁም» አለና ተነሣ፤ ልብሱን አራገፈ። «ቂል ሲለውጥ እምቢ የሚል ግን ከሱ የባሰ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ሆነ፤ ለቀበሌ በጽሑፍ እንዲቀርብ ተባለ። ቦዩ እንደ ተደፈነ ቀረ፤ ከጨፌው የሚታጨደው ሣርና አያ መኳንንት የለቀቀው ዳር ለጥሩነሽና ለልጆቿ ይሁን አልኩ። ሰብሳቢው መረቁን፣ ሰው ተበተነ። ትክክል ሠራሁ አልልም። በሚቀጥለው ዓመት ውሃው ከዳሩ አልፎ ሌላ ሰው ማሳ ይገባ ይሆናል። ጥሩነሽ የሣሩ ነገር አላስደሰታትም፤ ሣር አይቀቀልም ብላኛለች።

መኪና መንገድ ድረስ የሸኘችኝ እሷ ናት። አስፋልቱ ሲታይ ቆመች።

«መሬትህን ሰጠህ» አለችኝ። «ከእንግዲህ እዚህ ምን አለህ?»

ወንድሜ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

«ክረምት ሲገባ ና» አለች፣ በቁጣ ነው። «ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ቆመህ እይ። ደፍኖት የሄደው እሱ፣ ይደፈን ያልከው አንተ፤ ብቻዬን አላየውም።» መልሴን ሳትሰማ ዞራ ሄደች።

አሁን ሰኔ ገብቷል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቧል፤ የሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ሰው አያነጋግርም። ለአሠሪዬ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁት። «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። ለማስረዳት ጀመርኩና መነሻው ጠፋኝ። «ለመሬት ጉዳይ» አልኩት።